ከዜማው የሚጀምር ስሌት

በደሴ ፒያሳም ሆነ በኮምቦልቻ ገበያ አምፕሊፋየር ሊገዛ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ዋት ነው?» ብሎ ነው። ሻጩም ካርቶኑ ላይ የታተመውን ትልቅ ቁጥር በጣቱ ያሳየዋል። የስፒከሩ ነገር ከዚያ በኋላ ይመጣል፤ ስለ ክፍሉ የሚያስብ ጥቂት ነው፤ ስለሚሰማው ዜማ ግን ማንም አያነሣም። የዚህ ሐተታ አሳብ ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት የሚል ነው። ከዜማው ተነሥቶ ወደ ጆሮ፣ ከጆሮ ወደ ክፍል፣ ከክፍል ወደ ስፒከር፣ ከስፒከር ወደ አምፕሊፋየር፣ በመጨረሻም ግድግዳው ላይ ወዳለው ሶኬት የሚሄድ ሰው በጥቂት ገንዘብና በአሮጌ ዕቃ መልካም ነገር ይሰማል። ከዋቱ የተነሣ ግን ብዙ ከፍሎ ጩኸት ይዞ ቤቱ ሊገባ ይችላል። ነገሩ ከዕቃ ምርጫም ያልፋል፤ ጉልበት ለምን እንደሚያስፈልግና ማንን እንደሚያገለግል መጠየቅ ነው።

እንግዲያው ከዜማው እንነሣ። ደሴና ኮምቦልቻ በዚህ ረገድ የታደሉ ከተሞች ናቸው። ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶቻችን ሁለቱ የሚጠሩት በአካባቢው ስም ነው፤ አምባሰል ከደሴ በስተሰሜን፣ ባቲ ከኮምቦልቻ በስተምሥራቅ ይገኛሉ። ትዝታና አንቺሆዬም በወሎ ጉሮሮ ብዙ ተሠርቶባቸዋል። የእነዚህ ቅኝቶች ሀብት በድምፆቹ ብዛት አይደለም፤ በአምስት ድምፅ የሚሄድ ዜማ ውበቱን የሚያገኘው እያንዳንዷ ድምፅ ስትለዝብ፣ ስትንቀጠቀጥና ወደ ጎረቤቷ ስትንሸራተት ነው። ማሪቱ ለገሰ አምባሰልን ስታዜም ትርጉሙን የሚሸከመው ግጥሙ ብቻ አይደለም። ትንፋሹ የሚያዝበት ቦታ፣ ቃሉ ሊያልቅ ሲል የሚለሳለስበት መንገድ፣ በሁለት ድምፆች መካከል ያለችው ያቺ አጭር ጉዞ ሁሉ ትርጉም አላቸው። ከፈረስ ጭራ የተሠራው የማሲንቆ ክር በደጋኑ ሲታሽ የሚያሰማው ሸካራነትም እንደዚሁ ነው፤ ሸካራነቱ ከጠፋ የቀረው የማሲንቆ ጥላ ነው።

መንዙማም የራሱ ጠባይ አለው። መሪው ብቻውን ያወጣል፤ ተቀባዮቹ ባንድነት ይመልሳሉ፤ ድቤውና ጭብጨባው ከሥር ይሄዳሉ። ጭብጨባ ለማንኛውም የድምፅ መሣሪያ ከባድ ፈተና ነው፤ ከአማካዩ ድምፅ ብዙ እጥፍ ከፍ ብሎ በቅጽበት ይወጣል፣ በቅጽበት ይጠፋል። መሣሪያው ይህን ቅጽበት ካልቻለው ጭብጨባው ተጨፍልቆ እንደ ጨርቅ ቀደዳ ይሰማል፤ የመሪው ድምፅም አብሮ ይሻክራል። ይህን ሁሉ ስንደምር የወሎ ዜማ ዋና መኖሪያው ከ150 እስከ 4000 ኸርዝ ገደማ ያለው መካከለኛው የድምፅ ክልል መሆኑን እንረዳለን። ከበሮው ከዚያ ዝቅ ይላል፤ እንደ ሰ፣ ሸና ጨ ያሉ ፊደሎች ሹል ጫፍ ደግሞ ከዚያ ከፍ ይላል። ነገር ግን ቃሉና ማሲንቆው የሚኖሩት መካከል ላይ ነው።

የተቀረጸበት መንገድም ይህንኑ ያጠናክረዋል። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ጀርመን አገር ሸክላ ካስቀረጹበት ጊዜ አንሥቶ፣ አምሃ እሸቴ በ1969 እ.ኤ.አ. የጀመሩት አምሃ ሪከርድስና ተፎካካሪው ካይፋ ባለ45 ዙር ሸክላዎችን እስካወጡበት ዘመን፣ ከዚያም ካሴት የሸክላን ቦታ እስከወሰደበት ጊዜ ድረስ ቀረጻው የሚይዘው የድምፅ ክልል ከዛሬው የጠበበ ነበር። ከእጅ ወደ እጅ እየተገለበጠ ደሴ የደረሰ ካሴት ደግሞ ከላይኛው ጫፍ ብዙ አጥቷል። በዚህ ቀረጻ ላይ ጥልቅ ጉርምርምታ የሚጨምር ቡፈር ከዜማው ውስጥ ያልነበረ ነገር ያስገባል። በአንጻሩ መካከለኛውን ክልል አጥርቶ የሚናገር አሮጌ ስፒከር በቀረጻው ውስጥ ያለውን ያወጣል። አሮጌ ስፒከር የሚመረጥበት የመጀመሪያው ምክንያት ናፍቆት አይደለም፤ የዜማውና የስፒከሩ ብርታት አንድ ቦታ ላይ መገናኘቱ ነው።

ቀጥሎ ጆሮ አለ። ጆሮ ጉልበትን እንደ ኪሎ አይቆጥርም። ዋቱ እጥፍ ሲሆን የድምፁ ልክ የሚጨምረው በሦስት ዴሲቤል ነው፤ ይህም ልብ ብሎ ለሚያዳምጥ የሚለይ ትንሽ ጭማሪ ነው። ጆሮ «እጥፍ ጮኸ» እንዲል ዋቱ ወደ አሥር እጥፍ መድረስ አለበት። እንግዲህ ባለ20 ዋቱን ትቶ ባለ40 ዋቱን ለመውሰድ የሚከፈለው ተጨማሪ ብር የሚገዛው ሦስት ዴሲቤል ብቻ ነው።

ለመሆኑ ቤት ውስጥ ምን ያህል ይበቃል? ደኅና የሚባል ስፒከር በአንድ ዋት፣ በአንድ ሜትር ርቀት ላይ 90 ዴሲቤል ገደማ ያሰማል። ሦስት ሜትር ርቆ ለተቀመጠ ሰው ይህ ይቀንሳል፤ የስፒከሮቹ ሁለት መሆንና ከግድግዳ የሚመለሰው ድምፅ ደግሞ ከጎደለው ከፊሉን ይተካሉ። ሰው በወግ ድምፁ ሲናገር ከአንድ ሜትር ላይ የሚሰማው 60 ዴሲቤል ገደማ ነው። ስለዚህ አቦል እየተቀዳ፣ ዱዓ እየተደረገ፣ ወሬ እየተወራ በሚሰማ ሙዚቃ ጊዜ አምፕሊፋየሩ በአማካይ የሚሰጠው ከአንድ ዋት እጅግ ያነሰ ነው። የቀረው ዋት የሚጠበቀው ለዚያች ቅጽበት፣ ለጭብጨባውና ለከበሮው ምት ነው። ይህን ያወቀ ሰው በካርቶን ላይ በሺህ የሚቆጠር «ፒ.ኤም.ፒ.ኦ.» ዋት ሲያይ አይደነግጥም። ያ ቁጥር አምራቾች የሚስማሙበት የጋራ መለኪያ የለውም፤ መሣሪያው ሳያቋርጥ ከሚሰጠው ጉልበት ጋርም አይገናኝም። አሜሪካ ውስጥ ተመሳሳይ የቁጥር ውድድር በደረሰ ጊዜ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽኑ በ1974 እ.ኤ.አ. ደንብ አወጣ፤ የቤት አምፕሊፋየር አምራች ዋቱን ሲያስተዋውቅ ያለማቋረጥ የሚሰጠውን ጉልበት፣ የተለካበትን የስፒከር መቋቋም (ኦም) እና የድምፁን መዛባት እንዲገልጽ አስገደደ። ከደንቡ በኋላ ለዚያ ገበያ የተሠራ የቤት አምፕሊፋየር 20 ዋት ይሰጣል ተብሎ ከተዋወቀ፣ ያ በዚህ ደንብ የተለካ 20 ነው።

ከጆሮ ወደ ክፍሉ እንለፍ። በደሴ የቀደሙ ሠፈሮች ያለ የጭቃ ቤትን እንውሰድ። ግድግዳው ጭድ በተቦካበት ጭቃ የተመረገ ነው፤ ከቆርቆሮው ሥር የጨርቅ ኮርኒስ ተወጥሯል፤ ግድግዳውን ተከትሎ መጅሊስ ተዘርግቷል፤ ትራሱ፣ ምንጣፉ፣ መጋረጃውና የተቀመጠው ሰው ልብስ ሁሉ ድምፅን ይውጣሉ። እንዲህ ባለ ክፍል ውስጥ ቃል ሳይደበላለቅ ይሰማል። ክፍሉ የሚወስደው በተለይ ከፍተኛውን ድምፅ ስለሆነ ትንሽ ብሩህ የሆነ ስፒከር ይስማማዋል። አዲስ የተሠራ የብሎኬት ቤት ግን ወለሉ ሴራሚክ፣ መስኮቱ ሰፊ መስታወት ከሆነ ድምፁ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ ይመላለሳል፤ ያው ብሩህ ስፒከር እዚያ ጆሮ ይወጋል። ለዚህ መድኃኒቱ ሌላ አምፕሊፋየር መግዛት አይደለም፤ ወፍራም ምንጣፍ መዘርጋት፣ መጋረጃ መስቀል፣ ስፒከሩን ከጥግ ማውጣት ነው። ጥግ ላይ የተጠጋ ስፒከር ወፍራሙ ድምፅ ያብጥበታልና። ብፌ ላይ ከዳንቴል በላይ የተቀመጠውን ስፒከር አውርዶ በተቀማጭ ሰው ጆሮ ቁመት በጠንካራ ማስቀመጫ ላይ ማድረግ አንዳንዴ ከአዲስ መሣሪያ የበለጠ ለውጥ ያመጣል። በክረምት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ደግሞ ዋት መጨመር ዋጋ የለውም፤ ያን ጊዜ ዝም አድርጎ ዝናቡን መስማት ይሻላል።

ስለ ሁለቱ ከተሞች ከፍታም አንድ ነገር ማንሣት ይገባል። ደሴ ወደ 2500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ሐረጎን ወርደን 25 ኪሎ ሜትር ያህል ስንጓዝ የምናገኛት ኮምቦልቻ 1850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ደሴ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ በሩብ ያህል ያንሳል። አየሩ የሳሳ በመሆኑ አንድ ስፒከር ደሴ ላይ በእኩል እንቅስቃሴ የሚያሰማው ድምፅ ወደብ ዳር ከሚያሰማው ሁለት ዴሲቤል ገደማ ያነሰ ይሆናል። በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለው ልዩነት ግን ግማሽ ዴሲቤል ያህል ስለሆነ ጆሮ አይለየውም። በተዘጋ ሳጥን የሚሠሩ ስፒከሮች ላይ ሌላም ነገር አለ፤ የእነዚህን ስፒከሮች የሚንቀጠቀጥ ወረቀት ወደ ቦታው የሚመልሰው ሳጥኑ ውስጥ የታፈነው አየር ነው፤ የደሴ አየር ደግሞ በዚያው ሩብ ያህል የለዘበ ሞላ ነው። ስለዚህ ወረቀቱ በትንሹ በቀለለ መንገድ ይንቀሳቀሳል። የሳሳ አየር ሙቀትንም በደንብ አያነሣም፤ ደሴ ላይ አምፕሊፋየር ብፌ ውስጥ ታፍኖ መቀመጥ የሌለበት ስለዚህ ነው። ከላይና ከጎኑ መተንፈሻ ያስፈልገዋል።

አሁን ወደ ስፒከሩ ደረስን። «ጋሼ፣ ይቺ ስፒከር ስንት ዋት ታወጣለች?» ብሎ ለሚጠይቅ ወጣት፣ አዋቂ የሬዲዮ ጠጋኝ የሚሰጠው መልስ «ስፒከር ዋት አያወጣም ልጄ፤ ይቀበላል እንጂ» የሚል ነው። በዚህች መልስ ውስጥ የነገሩ ሁሉ ፍሬ አለ። በስፒከር ጀርባ ላይ የተጻፈው ዋት የትዕግሥቱ ወሰን ነው። ከዚህ ይልቅ ሊጠየቅ የሚገባው በተቀበለው ዋት ምን ያህል ድምፅ እንደሚያሰማ ነው። ይህ ነው በአሮጌና በአዲስ ስፒከር መካከል ያለው ትልቁ ልዩነት።

ከትራንዚስተር በፊት በነበረው በቫልቭ ዘመን ዋት ውድ ነበር። በ1950ዎቹና በ60ዎቹ እ.ኤ.አ. በእንጨት ሳጥን የተሠሩት የግሩንዲግ፣ የቴሌፉንከንና የፊሊፕስ ትላልቅ ሬዲዮዎች ብዙ ጊዜ የሚሠሩት ኢ.ኤል. 84 በምትባል አንዲት ቫልቭ ነበር፤ እሷም የምትሰጠው አምስት ዋት ገደማ ነው። በአምስት ዋት ሳሎን ለመሙላት ስፒከሩ ቆጣቢ መሆን ነበረበት፤ ወረቀቱ ቀላልና ሰፊ፣ ማግኔቱ ብርቱ፣ ሳጥኑ ትልቅ። በ1954 እ.ኤ.አ. ኤድጋር ቪልቸር የተባለው አሜሪካዊ አየር በማያስወጣ ትንሽ ሳጥን ጥልቅ ድምፅ የሚሰጥ ስፒከር ለገበያ አቀረበ። ለሳጥኑ ማነስ የተከፈለው ዋጋ ግን ዋት ነበር፤ ትንሹ ሳጥን ጉልበት ይበላል። ትራንዚስተር መጥቶ ዋት ሲረክስ ዓለም ወደዚያ ሄደ። ማግኔቱም በጊዜው ተለወጠ። ኮባልት ያለበት አልኒኮ የሚባለው ማግኔት ለአሥርት ዓመታት ሲያገለግል ቆይቶ፣ በ1978 እ.ኤ.አ. በዛየር ሻባ ግዛት በተነሣው ጦርነት የኮባልት ዋጋ ሲንር አብዛኞቹ አምራቾች ወደ ርካሹ ፌራይት ዞሩ። ደሴ ውስጥ በአንድ ጠጋኝ ቤት መደርደሪያ ላይ ያለ ስፒከር ማግኔቱ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ማየት የዓለምን ታሪክ ቁራጭ በእጅ መያዝ ነው።

ልዩነቱን በቁጥር እንየው። በአንድ ዋት 86 ዴሲቤል የሚያሰማ ስፒከርና 96 ዴሲቤል የሚያሰማ ስፒከር አሉ እንበል። የመጀመሪያው በ100 ዋት የሚደርስበት ቦታ ሁለተኛው በ10 ዋት ይደርሳል። ስለዚህ ቆጣቢ አሮጌ ስፒከር ያለው ሰው ትንሽ ግን ንጹሕ አምፕሊፋየር ይበቃዋል፤ በልቶ የማይጠግብ ትንሽ ሳጥን ያለው ሰው ግን ብርቱ አምፕሊፋየር ያስፈልገዋል። ማጣመር ማለት በመሠረቱ ይህን ማወቅ ነው።

አሮጌ ስፒከር በእጅ ሲገባ ከማገናኘት በፊት መመርመር አለበት። የፊቱ ጨርቅ ተነሥቶ መጀመሪያ የሚታየው የወረቀቱ ጠርዝ ነው። ጠርዙ ስፖንጅ ከሆነ በእርጥበትና በጊዜ ብዛት ይበሰብሳል፤ በጣት ሲነካ ጥቁርና ሙጫ የመሰለ ፍርፋሪ ሆኖ ይረግፋል። ጠርዙ ጨርቅ ወይም ራሱ የታጠፈ ወረቀት ከሆነ ግን ግማሽ መቶ ዓመት አልፎም ደኅና ሊገኝ ይችላል። ቀጥሎ በሁለት እጅ ጣቶች ወረቀቱን ከመሐል ዙሪያውን እኩል ይዞ በቀስታ ወደ ውስጥ መግፋት ነው። ያለ ኮሽታ ገብቶ ከተመለሰ ጥሩ ነው፤ ከተፋተገ ከወረቀቱ ጀርባ ያለው የሽቦ ጥቅል (ኮይሉ) ማግኔቱን እየነካ ነው። ከዚያ ባለ1.5 ቮልት የድንጋይ ባትሪ ሁለቱ ጫፎች ላይ ለቅጽበት ይነካል። ወረቀቱ ወደ ውጭ ከዘለለ የባትሪው ፖዘቲቭ የነካው ጫፍ የስፒከሩ ፖዘቲቭ ነው። የሁለቱም ስፒከሮች አቅጣጫ አንድ መሆን አለበት፤ አንዱ ሲገፋ ሌላው ከሳበ ወፍራሙ ድምፅ ይጠፋል፣ ዘፋኙም ከመሐል ይሰወራል። በመጨረሻ ቴስተር ይደረጋል፤ ባለ8 ኦሙ 6 ገደማ፣ ባለ4 ኦሙ ከ3 ትንሽ ከፍ ያለ ያነባል። ምንም ካላነበበ ሽቦው ተበጥሷል። ይህ ሁሉ የሚፈጀው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ግን ከዚያ በኋላ ያ ሳጥን ያልታወቀ ዕቃ መሆኑ ይቀራል።

አምፕሊፋየር የሚመረጠው እዚህ ላይ ነው። አንድ ገበሬ በሬ ሲያጣምድ ከገበያው ሁሉ ብርቱውን በሬ አይፈልግም፤ ቤቱ ካለው በሬ ጋር እኩል የሚራመደውን ይፈልጋል። አንዱ ቢቀድም ቀንበሩ ይጣመማል፣ ትልሙም ይበላሻል። በድምፅ መሣሪያ ላይ ቀንበሩ ኦም ነው። ለ8 ኦም የተሠራና በዚያ ላይ 20 ዋት የሚሰጥ አምፕሊፋየር ወደ ስፒከሩ የሚገፋው 12.6 ቮልት ገደማ ነው፤ የሚሄደው ከረንት ከ1.6 አምፒር አይበልጥም። በቦታው ባለ4 ኦም ስፒከር ቢገባ ያው 12.6 ቮልት እጥፍ፣ ማለትም 3.2 አምፒር ያህል ይጎትታል። አምፕሊፋየሩ ለዚህ ካልተዘጋጀ ይግላል፤ በመጨረሻም የመውጫ ትራንዚስተሮቹ ይቃጠላሉ። ብዙ የቀደሙ የአውሮፓ ስፒከሮች ባለ4 ወይም ባለ5 ኦም ናቸው፤ የቫልቭ ዘመን ትላልቅ ስፒከሮች ደግሞ 15 ወይም 16 ኦም ይሆናሉ። ባለ16 ኦሙን ለ8 ኦም በተሠራ ትራንዚስተር አምፕሊፋየር ላይ ማድረግ አደጋ የለውም፤ ዋቱ በግማሽ ይቀንሳል እንጂ። የቫልቭ አምፕሊፋየር ግን ጀርባው ላይ 4፣ 8ና 16 ተብለው የተለዩ መውጫዎች ካሉት ለስፒከሩ የተጻፈው ላይ መግባት አለበት፤ ስፒከር ሳይገናኝለትም መከፈት የለበትም። ከሁሉ የሚከፋው ግን ድምፅ ለመጨመር ተብሎ በአንድ መውጫ ላይ ሁለት ሦስት ስፒከር በጎን ለጎን መቀጠል ነው። ሁለት ባለ4 ኦም ስፒከሮች እንዲያ ሲቀጠሉ 2 ኦም ይሆናሉ፤ ይህን የሚችል የቤት አምፕሊፋየር ጥቂት ነው።

ሌላው ሊታወቅ የሚገባው ነገር፣ ስፒከርን የሚያቃጥለው ሁልጊዜ የአምፕሊፋየር ብርታት አለመሆኑ ነው። ከአቅሙ በላይ የተጠየቀ ደካማ አምፕሊፋየርም ያቃጥለዋል። አቅሙ ሲያልቅ የድምፁን ሞገድ ጫፍ ይቆርጠዋል፤ የተቆረጠው ጫፍ ደግሞ ዜማው ውስጥ ያልነበረ ስለታም ድምፅ ሆኖ ቀጭኑን ድምፅ ወደምታሰማው ትንሽ ስፒከር፣ ወደ ትዊተሯ ይሄዳል፤ ቀጭን ኮይሏም ይጋያል። ጥሩ ጥምረት ስለዚህ ከሁለቱም ወገን ጥቂት ትርፍ ይተዋል፤ አምፕሊፋየሩ ሳይጨነቅ የሚሰጥበት፣ ስፒከሩ ሳይጨነቅ የሚቀበልበት ቦታ። ለቫልቭ ዘመን የተሠሩ አንዳንድ ትላልቅ ስፒከሮች ደግሞ በዛሬ ትራንዚስተር አምፕሊፋየር ወፍራሙ ድምፃቸው ሳስቶ ይሰማል፤ አዲሱ አምፕሊፋየር ወረቀቱን ጠበቅ አድርጎ ስለሚይዘው ነው። ስፒከሩም አምፕሊፋየሩም ጉድለት የለባቸውም፤ አንደኛው ሌላኛው በማይኖርበት ዓለም ታስቦ ስለተሠራ ብቻ ነው። የቀደመ ሰው ሥራ በእጃችን ሲገባ መጀመሪያ ልንጠይቀው የሚገባን፣ ሠሪው ምን አስቦ እንደሠራው ነው።

መጨረሻው ሶኬት ነው። እዚህ አካባቢ ካሉ አሮጌ መሣሪያዎች ብዙዎቹ ከውጭ የመጡበት መንገድ የታወቀ ነው፤ አንዳንዱ በአሰብ ወደብ ገብቶ በባቲ በኩል ኮምቦልቻ የወጣ፣ አንዳንዱ ከአሜሪካ በዘመድ እጅ የመጣ፣ ብዙውም ጂዳና ሪያድ የሠሩ የወሎ ልጆች የላኩት ነው። የእኛ መብራት 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። የአሜሪካው 120 ቮልትና 60 ኸርዝ ነው፤ ሳውዲ አረቢያም ለረጅም ጊዜ በቤቶች ውስጥ 127 ቮልት በ60 ኸርዝ ስትጠቀም ኖራለች። ስለዚህ አምፕሊፋየሩ ሶኬት ላይ ከመሰካቱ በፊት ጀርባው ይታይ። ብዙ የጃፓን ሥራዎች ላይ 110፣ 127፣ 220ና 240 ተብሎ የተጻፈባት፣ በጠፍጣፋ ብሎን መፍቻ የምትዞር ክብ መምረጫ አለች። እሷን 220 ላይ ማድረግ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ አለማድረግ ግን ትራንስፎርመሩን ያሳጣል። መምረጫ ከሌለው ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል፤ ለ60 ኸርዝ ብቻ የተሠራ ዕቃ በ50 ኸርዝ ላይ ይበልጥ እንደሚግልም መታወቅ አለበት። መብራት ሲጠፋ አምፕሊፋየሩን አጥፍቶ መብራቱ መጥቶ እስኪረጋጋ መጠበቅ፣ ከተቻለም በስታቢላይዘር ማሠራት የአሮጌ ዕቃ ዕድሜ ነው።

እዚህ ላይ ተገቢ የሆነ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ሰው በስልኩ ሙዚቃ በሚሰማበት፣ ኑሮ በተወደደበት ዘመን፣ ከዚያም በላይ በ2014 ዓ.ም. ሁለቱ ከተሞች በሰሜኑ ጦርነት በተያዙበት ወቅት ብዙ ቤተሰብ የቤት ዕቃው በተዘረፈበት አካባቢ፣ ስለ ኦምና ዴሲቤል መጨነቅ ቅንጦት አይደለም ወይ? ተቃውሞው ሚዛን አለው። ስልክ ቃሉን ያደርሳል፤ የሚወደድ ዘፈን በስልክም ይወደዳል፤ ማንም ዕቃ ስለሌለው የዜማ ድሃ አይባልም። ይሁንና የዚህ ሁሉ ስሌት ውጤት ትንሽ መግዛትና ያለውን ማዳን ነው። ሁለት ስፒከር ጠርዙ ተለውጦ፣ አምፕሊፋየሩ የደረቁ ካፓሲተሮቹ ተተክተው ሲነሣ ለአዲስ ካርቶን የሚወጣው ብር ይቀራል፤ የጠጋኙ ሙያም ሥራ አግኝቶ ወደ ልጆች ይተላለፋል። ከተዘረፈው የተረፈ፣ ከአያት የቆየ ወይም ከቆሻሻ የተነሣ ሳጥን እንደገና ሲናገር ቤቱ ያጣውን ሁሉ አይመልስም፤ የሚችለውን ያህል ግን ይመልሳል።

የዘመኑ ድምፅ በአደባባይ ሞንታርቦ የሚባለው ትልቅ ድምፅ ማጉያ ነው። ሱቁ በር ላይ፣ ሠርጉ ድንኳን ውስጥ፣ ሰልፉ መሐል ድምፅ የሚመዘነው በሩቅ በመሰማቱ ነው፤ ለዚያ ሥራ ትክክልም ነው። ቤት ግን ሌላ ሕግ አለው። እዚያ የሚሰማው ጥቂት ሰው ነው፤ ግድግዳው አጠገብም ጎረቤት አለ፤ በአንዱ ቤት መንዙማ፣ በሌላው መዝሙር፣ በሦስተኛው አምባሰል በአንድ ምሽት ሊሰሙ ይችላሉ። እያንዳንዱ ቤት ለራሱ ሰው በሚበቃ ልክ ቢሰማ ሦስቱም ሙሉ ሆነው ይሰማሉ። ሁሉም ዋት ቢያነሣ ግን ማንም ምንም አይሰማም። የጉልበት ልክ የሚታወቀው ተቀባዩን በማወቅ ነው የሚለው አሳብ ከሳሎን አልፎ እስከ አጥር ድረስ ይሠራል።

ጥምረቱ መሳካቱን የምናውቅበት ፈተና አለ፤ ያለ ቴስተር የሚደረግ ነው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሰው ሳይጮህ በሚነጋገርበት ልክ ማድረግና የሚታወቅ ዜማ መክፈት ነው። ቃሉ በዚያ ልክ ላይ ሳያሳስብ ከተያዘ፣ የማሲንቆው ሸካራነት ከጠራ፣ ጭብጨባው ጭብጨባ ሆኖ ከተሰማ ዕቃዎቹ ተስማምተዋል። ለመስማት ድምፅ መጨመር ካስፈለገ ከዜማው እስከ ሶኬቱ ባለው መንገድ ላይ አንድ ቦታ ሳይጣጣም ቀርቷል፤ ተመልሶ ከዜማው ጀምሮ መፈተሽ ነው እንጂ ዋት መጨመር መልስ አይሆንም። እነዚህ ዜማዎች በብዙ ድካም ተቀርጸው እስከ እኛ ደርሰዋል፤ ዘፋኞቻቸውም ብዙዎቹ አልፈዋል። ባለን መሣሪያ፣ ባለን ክፍል፣ በጥቂት ዋት ሙሉ አድርጎ መስማት የሚቻል ሥራ ነው፤ የሚቻል ከሆነም የሰሚው ግዴታ ነው።